ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማዶ

አርብ ጠዋት ማቴዎስ የሕዝብ ጀልባዋን ሞተር ሊያስነሳ አዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሲወርድ፣ ከኋላኛው አግዳሚ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ተጋድሞ አየ። መሽቶበት ያደረ ሰካራም መሰለው።

«ይነሱ እንጂ አባባ፣ ተሳፋሪ ሊገባ ነው» ብሎ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ መልሶ ለመሸፈን እንኳ እጁ አልታዘዘለትም።

መቶ አለቃ ኩማ ሲደርስ ከሐይቁ ላይ ጉሙ ገና አልተነሳም። ተሳፋሪው ከነሸክሙ ዳር ቆሟል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ወትሯቸው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ኩማ የወለጋ ሰው ነው። ወደ አዋሳ ፖሊስ ከተዛወረ ብዙም አልቆየም፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጥ መርማሪ ነው።

ጫማውን ጠርጎ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። ሟቹ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ግንባራቸው ላይ በግራ በኩል ቁስል አለ፤ ግን ታጥቧል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ አገጫቸው በጨርቅ ታስሯል። ጫማቸው ተወልውሎ አጠገባቸው ተቀምጧል። የሁለቱ እግሮቻቸው አውራ ጣቶች ደግሞ ከነጠላ ጥለት በተቀደደ ቀጭን ጨርቅ አንድ ላይ ታስረዋል።

«ተገንዘዋል» አለ ኩማ ለራሱ። ብዙ የተገደለ ሰው አይቷል፤ ገድሎ የገነዘ ሰው ግን አላጋጠመውም።

«ማን ናቸው?»

«መምህር ግዛቸው ናቸው» አለ ማቴዎስ። የሲዳማ ተወላጅ፣ ደልደል ያለ ጎልማሳ ነው፤ ጀልባዋን ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ የሚነዳት እሱ ነው። «ጡረታ ወጥተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ይሳፈራሉ።»

«ትናንትም ተሳፍረው ነበር?»

«አዎ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ቡሹሎ ወረዱ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ደህና ዋሉ ብለው ወረዱ።»

«ሲመለሱስ?»

«ማታ አላየኋቸውም።»

ጀልባዋ ጠዋት ከአሞራ ገደል ተነስታ፣ ቡሹሎ ነክታ፣ ማዶ ትሻገራለች፤ ማታ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። ዓሣ ነጋዴው፣ ወደ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በሽተኛ፣ የማዶው ገበሬ፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው፣ ሁሉም የሚመላለሰው በእሷ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሁሉን ያውቃል።

ኩማ ጥለቱን ፈትቶ ኪሱ ሲከት አንድ ላንድሮቨር ዳር ላይ ቆመ። የወረደው ጓድ ከበደ ነው፤ ለአካባቢው ጸጥታ ኃላፊ የተደረገ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው።

«ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ ከበደ። «ልጁ ፀረ አብዮተኛ ነበር። ያኔ አመለጠን፤ ሞቷልም ይባላል። ይኸ ነገር ፖለቲካ ይሸታል። ሬሳው የተገኘው በማን ጀልባ ነው?»

«በሕዝብ ጀልባ» አለ ኩማ።

«የነጂውን ነው የጠየቅኩት።»

የከበደ ሰዎች ማቴዎስን እጁን ይዘው አሳፈሩት። ኩማ ላንድሮቨሩ በር ላይ ቆመ።

«ጓድ ከበደ፣ ምርመራው የኔ ነው።»

«እስከ ሰኞ ያንተ ነው። ከሰኞ ወዲያ የኔ ነው። እኔ ስጠይቀው ደግሞ እንደ አንተ በለሆሳስ አይደለም።»

*

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ።

«ቁስሉ ጥልቅ አይደለም፤ ደምም ብዙ አልፈሰሰም። ልባቸው ቀድሞ ቆሞ፣ ሲወድቁ ያገኛቸው ሊሆን ይችላል። ሰው መትቷቸውም ሊሆን ይችላል።»

«የትኛው ነው?»

«ምን ላይ እንደ ወደቁ ሳላውቅ አልፈርምም። የሰው ነፍስ አለበት።»

የመምህር ግዛቸው ቤት ከባህል አዳራሹ ጀርባ ነው። ለቅሶተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተማርያም ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም። ኩማ እግዚአብሔር ያጥናዎት ብሎ እጅ ነሳና ለብቻቸው ሊያናግራቸው እንደሚፈልግ ነገራቸው። ጓዳ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ሐሙስ ሐሙስ የት ነበር የሚሄዱት፣ እናቴ?»

«ቡሹሎ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እዚያ ነርሶቹ ያሹላቸዋል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ሲመለሱ ግን ልጅ ሆነው ነበር የሚመለሱት። እያፏጩ። ታክሞ የመጣ ሰው ያፏጫል እንዴ እል ነበር በሆዴ።»

«ትናንት ማታ ሲቀሩ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ጀልባዋ ያመለጠቻቸው መሰለኝ።»

ኩማ ጥለቱን ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። ወይዘሮ እህተማርያም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። መልሰው ዳሰሱት።

«ከየት አገኘኸው?»

«እግራቸው ታስሮበት ነበር።»

«ይኸ የኔ ፈትል ነው። ለብዙአየሁ ሙሽራ ብዬ የፈተልኩት ነጠላ ነው። ብዙአየሁ ልጃችን ነው፤ አንድ ነበር። ያን ጊዜ፣ የቀበሌው ጥበቃ ወጣቶቹን ሲያሳድድ፣ ወጥቶ ቀረ። ሬሳ የለ፤ ወሬ የለ። ማልቀስም ክልክል ነበር።» ድምፃቸው ሳይሰበር ቀጠሉ። «ነጠላውን ሳጥን ውስጥ አኑሬው ነበር። አንድ ቀን ባጣው፣ ብል በልቶት ጣልኩት አሉኝ።»

 ወይዘሮዋ ጥለቱን አጣጥፈው መለሱለት።

«ልጄ፣ ሌላ ሴት ቤት ከነበራቸው አትደብቀኝ። አልቆጣም። በዚህ ዕድሜዬ ምን ቁጣ አለኝ? ብቻ አጥባ፣ ገንዛ፣ ጫማቸውን ሳይቀር ወልውላ የሸኘችልኝን ሴት ማወቅ እፈልጋለሁ።»

*

ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አበበች ትባላለች። ኩማ የሟቹን ፎቶግራፍ ሲያሳያት ገና ሳይጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«ጀልባዋ ላይ አውቃቸዋለሁ። እዚህ ግን ታክመው አያውቁም።»

«ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ይወርዱ የለም?»

ነርሷ መለስ አለችና ያልተጣጠፈ አንሶላ ማጣጠፍ ጀመረች። «እኔ ወራጁን አልቆጥርም፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

ከዚያ ወደ አዋሳ ተመልሶ አዲስ ከተማ ሰፈር ከጀልባዋ ተሳፋሪዎች አንዷን፣ ገበያነሽን፣ አገኛት። ገበያነሽ ማዶ ተሻግራ ዓሣ ገዝታ አምጥታ የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ መለሰችለት።

«መምህር? ቡሹሎ ወረዱ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ደህና ዋሉ ብለው ወረዱ።»

አጠገቧ የነበረውን አንድ የማዶ ገበሬም ጠየቀ። «ቡሹሎ ወረዱ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ደህና ዋሉ ብለው።»

ኩማ ሳቁ መጣበት፤ ግን ዋጠው። ሰው ያየውን ሲያወራ አንዱ ቆብ ነበራቸው ይላል፤ ሌላው አልነበራቸውም ይላል፤ ይጨቃጨቃል። እነዚህ እንደ ውዳሴ ማርያም አንድ ቃል ሳይስቱ ይደግማሉ። የተነጋገሩበት ነገር ነው። ደግሞም ለክፋት የተነጋገሩ አልመሰለውም፤ ገበያነሽ ስትናገር የጸዳውን ዓሣ መልሳ መላልሳ ትፍቅ ነበር።

ወደ ጣቢያው ሲመለስ ነው ሌላው ነገር ብልጭ ያለለት። ሁሉም ስለ ከዘራ ያወራሉ። ሬሳው አጠገብ ጫማ ነበር፤ ጋቢ ነበር። ከዘራ አልነበረም።

ማቴዎስ ከታሰረበት ክፍል ጥግ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል።

«የመምህር ከዘራ የት አለ?» አለው ኩማ።

ማቴዎስ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ድንገት ፍርሃት ታየ፤ ስለ ራሱ የፈራ ሰው ፍርሃት ግን አልነበረም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔን እዚህ ተወኝ። እኔ እችላለሁ። አትሂድ።»

«ወዴት ነው የማልሄደው?»

ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። 

*

ቅዳሜ ጀልባዋን በማቴዎስ ፋንታ የነዳት መካኒኳ ጠሀ ነበር። ኩማ ሲቪል ለብሶ ተሳፈረ። ቡሹሎ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ እሱን አየ፤ ኩማ ግን አልወረደም። 

ማዶ ከወረዱ በኋላ ገበያነሽ ቅርጫቷን ታቅፋ ወደ ግራ ሄደች፤ ገበሬዎቹም ወደ ግራ ሄዱ። ወደ ቀኝ በሚወስደው የእግር መንገድ ማንም አልዞረም፤ ዞር ብሎ ያየም የለም። ኩማ ወደ ቀኝ ሄደ።

የእንሰት ተክል ከከበበው አንድ ጎጆ ፊት ለፊት አንዲት ሦስት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጅ በዱላ ፈረስ ትጋልባለች። ኮቴ ለማስመሰል ምላሷን ታጮኻለች። ፈረሷ እጀታው የተጠማዘዘ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው የከተማ ከዘራ ነው።

እናቷ ከቤት ሮጣ ወጥታ ልጅቷን አነሳቻት። ወጣት ናት። የለበሰችው ነጠላ አንዱ ጥለቱ ተቀድዷል።

«ፖሊስ ነኝ። ስምሽ ማነው?»

«ታቢታ።»

«ይህ ከዘራ የመምህር ግዛቸው ነው።»

«ልጅቷ ሐይቅ ዳር አግኝታው ነው።»

ኩማ ልጅቷን አያት። ሰፊ ግንባሯ፣ ቅንድቧ፣ ወደ ታች ያዘነበለው የዓይኗ ጥግ፣ ትናንት ጀልባ ውስጥ ያየው ፊት ነው። የወይዘሮ እህተማርያም ጥያቄ ትዝ አለው፤ ልቡም ለእሳቸው አዘነ።

«ባልሽ ነበሩ?» አላት በቀስታ።

የታቢታ ፊት ደም መሰለ። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «አዎ፣ ባሌ ነበሩ» አለች።

«እዚህ ነው የሞቱት?»

«አዎ።»

«ማን ገነዛቸው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም።»

«እግራቸውን እንዴት አደረግሽ?»

ታቢታ ግራ ገባት። «አጠብኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… አጠብኩት።»

የአውራ ጣት እስራቱን አታውቀውም። ስሟ እንደሚያመለክተው የእሷ ቤተ ሰቦች ጴንጤ ናቸው፤ ሬሳ እንዲያ አይገንዙም። ያን ያደረገ እጅ ሌላ ነው። ኩማ አፉን ሊከፍት ሲል ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«አያቴን አመጣሃቸው?»

እናትየው አፏን ልትይዛት እጇን አነሳች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ኩማ ቆሞ ቀረ። አያቴ። መምህር ግዛቸው የነበራቸው አንድ ልጅ ነው።

ከእንሰቱ መካከል አንድ ቀጭን፣ ጢማም ወጣት ወጣ። ባዶ እጁን ከፊቱ ዘርግቷል።

«ሚስቴን ተዋት» አለ። «ስለ እኔ ብላ ነው ራሷን ያዋረደችው። ብዙአየሁ ግዛቸው ነኝ።» ከዚያም እንደ ልጅ ድምፁ ቀጠነ። «ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የሚቀበሩት?»

«አሁን ነው» አለ ኩማ። «አሁን እየቀበሯቸው ነው።»

ወጣቱ ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ወደ ከተማው አዞረ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሰማም፤ የሚታየው ውሃና ከውሃው ባሻገር ያለው የታቦር ተራራ ብቻ ነው።  ኩማም ቆቡን አወለቀና አጠገቡ ቆመ።

*

«ያን ዓመት ያሻገረኝ ማቴዎስ ነው፤ የዓሣ ጆንያ አልብሶ» አለ ብዙአየሁ፣ ኋላ ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ። «የታቢታ አባት ተቀበሉኝ። ልጃቸውን ሰጡኝ። አባቴ የደረሱብኝ ቆይተው ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም።»

«እናትህስ?»

«አባቴ እምቢ አሉ። እናትህ ደስታ መደበቅ አትችልም፣ በሳቋ ያውቁብናል አሉ። ቤታችን ይጠበቅ ነበር።» መሬቱን በጣቱ ቆፈረ። «እኔም አባቴን አምኜ ዝም አልኩ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቱ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለማታዋ ጀልባ ተነሱ። ልጅቷ ከዘራውን ካልሰጡኝ ብላ አለቀሰች። ሊያባብሏት ሲዞሩ ደረታቸውን ያዙ፤ እዚያው የበሩ ድንጋይ ላይ ወደቁ። ብዙአየሁ ድንጋዩን አሳየው። ጥግ ላይ ትንሽ የደረቀ ደም አለ።

«እዚህ ብቀብራቸው እናቴ ሁለተኛ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ሊቀመጡ ነው። ያን አልቻልኩም። ጎህ ሳይቀድ በታንኳ አሻገርኳቸውና ጀልባዋ ላይ አስተኛኋቸው። አውሬ አይደርስባቸውም፤ ማቴዎስ ያገኛቸዋል ብዬ ነው። እሱን ያስሩታል ብዬ አላሰብኩም።» ተነሳ። «ነገ ልመጣ ነበር። እሱን ፍቱትና እኔን ውሰዱኝ።»

ታቢታ ልጅቷን አጥብቃ ያዘች። አልጮኸችም።

ኩማ ድንጋዩን ሲያይ ቆየ።

«እኔ ወንድም ነበረኝ» አለ በመጨረሻ። «የት እንደ ተቀበረ የሚያሳየኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እናቴ ዛሬም በር ሲንኳኳ ትነሳለች።» ቆቡን አደረገ። «የመጣሁት አንድ ሰው እንዴት እንደ ሞተ ለማወቅ ነበር። አወቅሁ። ሌላ ያየሁት ነገር የለም።»

*

እሑድ ወይዘሮ እህተማርያም እንደገና ጓዳ ገቡ። ውጭ ለለቅሶተኛው ንፍሮ ይታደላል።

«ነጠላውን የለበሰችው ሴት ተገኘች» አላቸው ኩማ።

«ወጣት ናት?»

«ወጣት ናት። ልጅ አላት። መምህር ግዛቸው ለልጅቱ አያቷ ናቸው።»

ወይዘሮዋ ለመረዳት ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ሚስት ነበረችው? ሙሽራ ሳላይ… ከመሞቱ በፊት አግብቶ ነበር? አንተዬ፣ ያቺ ልጅ እኮ መበለት ናት በለኛ!»

«ሚስቱ ናት አልኩ እንጂ መበለት ናት አላልኩም፣ እናቴ።»

ወይዘሮ እህተማርያም የበሩን መቃን ያዙ። ጩኸቱ እስከ ጉሮሯቸው ሲመጣ ኩማ አየው፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎርሰው ነከሱት።  እሱም ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆየ።

«ያንን ሁሉ ሐሙስ» አሉ ድምፃቸው ሲመለስ፣ «እያፏጩ የሚመጡት…» እንባና ፈገግታ ተደባለቀባቸው። «እኔን ፈርተው! አላወቁኝም እንጂ ዝም እል ነበር።» ቆይተው ደግሞ፣ «አይ፣ ዝም አልልም ነበር። ልክ ናቸው» አሉ።

«አሁን ግን አንድ ነገር እንዲዋሹልኝ እፈልጋለሁ። ማቴዎስ በእስር ላይ ነው። መምህር ሐሙስ ቡሹሎ ወርደው፣ በእግራቸው ተመልሰው እቤታቸው አድረዋል ይበሉ። አርብ ማለዳ ሐይቅ ዳር ሊናፈሱ ወጥተው ነው የወደቁት።»

«አድረዋል» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም ወዲያው። «እራት አብልቻቸዋለሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብለው ተቆጥተውኛል።»

ሐኪሙ ኩማ የነገረውን ሁሉ ሰማ፤ ደረታቸውን እንደ ያዙ፣ ድንጋይ ላይ እንደ ወደቁ።

«ድንጋዩን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ደሙንም ጭምር።»

«የት እንደሆነ ልጠይቅህ?»

«ባትጠይቀኝ ደስ ይለኛል።»

ሐኪሙ በልብ ሕመም መሞታቸውን አረጋግጦ ፈረመ።

ሰኞ ጓድ ከበደ እጁን ኪሱ ከቶ አዳመጠ።

«እሺ፣ ማን ገነዘው?»

«ቀድመው የመጡ ዓሣ አጥማጆች። መንገድ ላይ የወደቀ ሽማግሌ ትቶ የሚሄድ ሰው የለም።»

«ስማቸው?»

«ፈርተው ሄደዋል። ነጂው ከንፈሩ እንዴት እንዳበጠ ስላዩ ይሆናል።»

ከበደ ለረጅም ጊዜ አየው። ኩማ ዓይኑን አልሰበረም። በመጨረሻ ከበደ፣ «ቡሹሎ ወረዱ፣ ቡሹሎ ወረዱ ይላል ያ ሰውዬ። ከሱ ሌላ ቃል የለውም። ፍታው» አለና ወጣ።

*

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ እህተማርያም ጥቁራቸውን ለብሰው አሞራ ገደል ወረዱ። ማቴዎስ እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው። ገበያነሽ ቅርጫቷን አንስታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ደረበችላቸው። ኩማ ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ቡሹሎ ሲደርሱ ሁለት በሽተኞች ወረዱ። ለሥራ አዲስ የተመደበ አንድ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ተሳፈረ። ጀልባዋ ጎኗን አዙራ ወደ ማዶ አቀናች። ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ከዳርቻው ሳይነቅሉ በከንፈራቸው ይጸልያሉ።

ዳርቻው ሲቀርብ ደንገል ከበቀለበት ጥግ ልጅ የታቀፈች አንዲት ወጣት ታየች። ከኋላዋ አንድ ጢማም ገበሬ ቆሟል። ወይዘሮ እህተማርያም ማቴዎስ እስኪያቆም አልጠበቁም፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ወረዱ። ወጣቱ ሊደግፋቸው ሮጠ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጢሙን፣ ጆሮውን፣ ግንባሩን ዳበሱት፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ወደቁ።

ያኔ ለቅሶው መጣ። ለዓመታት የተከለከሉት፣ ጓዳ ውስጥ በነጠላ ያፈኑት፣ በባላቸው ቀብር ላይ እንኳ ያልወጣላቸው ለቅሶ ከውሃው በላይ አስተጋባ። ደንገሉ ውስጥ የነበሩ ወፎች ተነሱ።

ጀልባዋ ውስጥ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። አንዱ የሌለ ጉማሬ ለሌላው ያሳያል።

አዲሱ አስተማሪ ግን ደንግጦ ብድግ አለ። «ምን ሆነው ነው እኚህ እናት?»

«ጥቁር ለብሰው አታይም?» አለችው ገበያነሽ እጁን ይዛ እያስቀመጠችው። «ባላቸው ሞተውባቸው ነው። ተዋቸው፣ ይውጣላቸው።»